ጄሶው ሲወልቅ ሕክምናው አላለቀም

«ልጄ 3 ሳምንቱ ነው። ቀኝ እግሩ ወደ ውስጥ ዞሮ ተወለደ። ጤና ጣቢያ ዓመት ሲሞላው አምጪው አሉኝ፣ አማቴ ደግሞ ወጌሻ ጋ እንውሰደው ትላለች፣ ምን ላድርግ?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ፣ መጀመሪያ እንኳን ማርያም ማረችሽ። ዓመት አትጠብቂ፣ ወጌሻ ጋም አትሂጂ። የኔም ልጅ ቆልማማ እግር ይዞ ነው የተወለደው። አሁን ሰፈር ውስጥ ኳስ ሲያባርር የትኛው እግሩ እንደነበር ጎረቤት አያውቅም። እዚህ ለመድረስ ግን ያየሁትን አንቺ እንድታዪው ስለማልፈልግ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

1. በዚሁ ሳምንት ሂጂ። ጤና ጣቢያውን «የአጥንት ሐኪም ያለበት ሆስፒታል ሪፈር ጻፉልኝ» በያቸው። «ይቆይ» ካሉሽ ሳይጽፉልሽ እንዳትነሺ። የጨቅላ ጅማት ለስላሳ ስለሆነ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሲጀመር ቶሎ ይታዘዛል። የጤና መድን ካለሽ ደብተሩን ከሪፈሩ ጋር ያዢ። አዲስ አበባ መድረስ ከቻልሽ ኪዩር የሚባለው ሆስፒታል ለእንደዚህ ዓይነት ሕፃናት የተቋቋመ ነው፣ ልጆችን የሚያክመውም ያለ ክፍያ ነው። ወጌሻ ወለምታ ያሻል፣ አልክድም። ይህ ግን ወለምታ አይደለም። አጥንቱም ጅማቱም ማህፀን ውስጥ እንዳለ ነው በዚያ አቅጣጫ የያዘው፤ በአንድ ጊዜ ጎትቶ ማቅናት ይጎዳዋል።

2. ስትደርሺ «በፖንሴቲ ነው የምትሠሩት?» ብለሽ ጠይቂ። ፖንሴቲ ስፔን ተወልዶ አሜሪካ አዮዋ ውስጥ የሠራ ሐኪም ነው። እግሩን በየሳምንቱ በእጅ ቀስ አድርጎ ማቅናትና የቀናውን በጄሶ መያዝን ያስተማረ እሱ ነው። ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 7 ጄሶ ይበቃል። ከዚያ አብዛኞቹ ልጆች ተረከዛቸው እንዲወርድ ከተረከዙ በላይ ያለው ጅማት በትንሽ ቀዳዳ ይቆረጥላቸዋል። ይህን ስሰማ ደንግጬ ነበር። ነገሩ ግን ቦታውን ብቻ አደንዝዘው የሚሠሩት የደቂቃዎች ሥራ ነው። ልጄ ወዲያው ጡቱን ጠብቶ ተኛ። ጅማቱ 3 ሳምንት በሚቆየው የመጨረሻ ጄሶ ውስጥ ተመልሶ ይገጥማል።

3. ጄሶው ከጣቶቹ ጀምሮ እስከ ብሽሽት መድረስ አለበት፣ ጉልበቱም ታጥፎ። ይህን በደንብ ያዢው፣ የተቃጠልኩት እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ የሄድኩት ስሙን የማልጠራው የግል ክሊኒክ ነበር። ጄሶውን ከጉልበት በታች ብቻ አደረጉለት። በማግስቱ ዳይፐር ስቀይር የልጄ ጣቶች የሉም። ጄሶው ወደ ታች ተንሸራቶ ጣቶቹን ውጧቸዋል። ይዤው ሮጥኩ። «እግሩ አብጦ ነው፣ ይቀንሳል» ብለው መለሱኝ። እንዲህ እያሉ በየጊዜው እየተቀበሉኝ ከረሙና አንድ ቀን «ቀንቷል፣ አለቀ፣ እንኳን ደስ ያለሽ» ተባልኩ። ከጄሶው በኋላ እግሩን ቀጥ አድርጎ ስለሚያቆየው ጫማ አንድም ቃል የለም! ብዙም ሳይቆይ እግሩ ወደ ነበረበት ዞረ። ስመለስ ደግሞ «ኦፕራሲዮን ያስፈልገዋል» ብለው ዋጋ ጠሩልኝ። እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል። ጨቅላ ልጅ ይዞ በታክሲ ተጋፍቶ የመጣን ሰው «አለቀ» ብሎ ሸኝቶ፣ ሲበላሽ ሌላ ሒሳብ ማቅረብ!

ከዚያ በሪፈር የመንግሥት ሆስፒታል ሄድኩ። ካርድ ክፍል ያለችው ሴትዮ ወረቀቱን ገለበጥ አድርጋ፣ «የግል ስትከፍሉ ትከርሙና ሲበላሽ እኛ ላይ ታመጣላችሁ» አለች፣ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እየሰማ። አንቺንም «ስታረግዢ ምን ሆነሽ ነው?» የሚልሽ አይጠፋም። ከ1,000 ሕፃናት አንዱ ገደማ እንዲህ ይወለዳል፣ ወንዶቹ ይበዛሉ፣ በአብዛኛው ምክንያቱ አይታወቅም። አንቺ ያደረግሽው ነገር የለም። ለማንም አትመልሺ፣ ካርድሽን አውጥተሽ ግቢ። ውስጥ ያገኘሁት ወጣት ሐኪም ከዜሮ ጀመረልኝ። የልጄን ጀርባና ዳሌም አገላብጦ አየ፤ ላንቺም እንዲያዩልሽ ጠይቂ። ጄሶ ሲያደርጉለት ጡት እንዳጠባው ነገረኝ። ስለዚህ ሳታጠቢው ውሰጂው፣ እየጠባ ይሠሩለታል፣ አይወራጭም። ቤት ስትገቢ ጣቶቹን ጫን አድርገሽ ልቀቂ። ነጣ ብለው ቶሎ ካልቀሉ፣ ከጠቆሩ፣ ከቀዘቀዙ ወይም ወደ ውስጥ ከገቡ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ በዚያው ሰዓት ተመለሺ።

ክርስትናውስ? 40 ቀኑ ጄሶ ላይ እያለ ነው የሚደርሰው። ጄሶ ደግሞ ውሃ አይነካውም። ከአሁኑ ለነርሷ ንገሪያትና የጄሶ መቀየሪያው ቀን ክርስትናው ዕለት ላይ እንዲውል ለምኛት። ጠዋት ተጠምቆ በቀጥታ ሆስፒታል ነው። ቢርስም ሊፈታ ነው።

4. ጫማው። ሁለት ጫማ በብረት የተያያዘ ነው፣ ጤነኛውም እግር ይገባበታል። መጀመሪያ ለ3 ወር በቀን 23 ሰዓት፣ ከዚያ ማታና ቀን ሲተኛ፣ እስከ 4 ወይም 5 ዓመቱ። እግሩ ተመልሶ የሚዞረው በአብዛኛው ይህ ሲቋረጥ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ያለቅሳል። ሁለቱን ጉልበቶቹን አንድ ላይ እያጠፍሽ እየዘረጋሽ አጫውችው፣ ይለምደዋል። የጥጥ ካልሲ ብቻ አድርጊለት፣ ቅባትና ቫዝሊን አይሆንም፣ ቆዳውን ያልመዋል። ተረከዙ ላይ ውሃ ከቋጠረ ጫማው በደንብ አልገባም ማለት ነው፣ ወስደሽ አሳዪ እንጂ አውልቀሽ አታስቀምጪ።

ዘመድ ነው የሚያስቸግርሽ። «ልጁን እንደ በግ አሰርሽው» ተብያለሁ። አያቱ አዝና ልታወልቅለት ስትል እጇን ይዣለሁ። «እግሩ ቀጥ ብሏል፣ ታዲያ ጫማው ለምን?» ይሉሻል። ቀጥ ያደረገውን የሚያቆየው ጫማው ስለሆነ ነው። አንድም ሌሊት ያለ ጫማው አላሳደርኩትም፣ ለቅሶ ቤት ባድርም ይዤው ነው የምሄደው። በዚህ እኮራለሁ።

አንዳንድ ሆስፒታል ጫማው አልቋል ይሉሻል። «ሲመጣ እንደውላለን» ከተባልሽ እሺ ብለሽ አትመለሺ፤ የመጨረሻው ጄሶ በተፈታበት ቀን ነው እግሩ ላይ መዋል ያለበት። ስለዚህ ጄሶ ላይ እያለ ቀድመሽ ጠይቂ። የልጄ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥር ጫማዎች ከነብረታቸው ቤቴ አሉ። ካጣሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ እልክልሻለሁ፤ ልኩን ግን ሐኪሙ ይየው።