ከዓመታት በኋላ ለኑዛዜ መዘጋጀት

«ከ12 ዓመት በኋላ ልናዘዝ ነው፤ ምን ብዬ ልጀምር? የደሴው አባ ደግሞ ቤተሰቤን ያውቃሉ» ብለሽ ለጠየቅሽው፦ አብሽሪ እህቴ። ኑዛዜን የሚያበላሸው የዓመቱ ብዛት ሳይሆን አውቆ መደበቅ ነው።

ካህን በኑዛዜ የሰማውን ሕይወቱን ለማትረፍ እንኳ አያወጣም፤ በቀጥታ ቢያወጣ ተወግዞ ይለያል። አሁንም ካፈርሽ ሌላ ካህን ጋ ሂጂ። ኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችን በየቤቱ የንስሐ አባት ይይዛሉ፤ እኛ ካቶሊኮች ዘንድ ግን የማናዘዝ ሥልጣን ያለው ማንኛውም ካህን ይሆናል። አዲስ አበባ ስትሄጂም ይቻላል። በስልክ ግን አይሆንም፤ ስልኩ ለቀጠሮ ነው። ሀገረ ስብከታችን ከባሕር ዳር እስከ ደሴ የተዘረጋ ስለሆነ ቅዳሴ ሊጀመር ሲል ደርሶ ካህን መፈለግ አያዋጣም።

ዋዜማውን ግማሽ ሰዓት ያህል ተቀመጪና ሕሊናሽን በዐሥርቱ ትእዛዛት መርምሪ። ጉዳዩ ከባድ ሆኖ፣ ከባድነቱን እያወቅሽ፣ ወደሽ ያደረግሽው የሞት ኃጢአት ነው። እነዚህን አንድ በአንድ፣ ዓይነታቸውንና ስንት ጊዜ እንደሆነ ትናገሪያለሽ። ቁጥሩ ከጠፋሽ «ሁለት ዓመት ያህል፣ በየገበያው ቀን ሚዛን አጉድያለሁ» ማለት ይበቃል። «ያው እንደ ሰው በድያለሁ» ግን ምንም አይናገርም። የባሰው ደግሞ የምራትን ጥፋት ዘርዝሮ የራስን መርሳት ነው፤ ይህ እኛ ሰፈር የተለመደ ነው! የሌላ ሰው ስም አታንሺ። ወረቀት ላይ ብትጽፊ ችግር የለውም፤ ስትጨርሺ አቃጥዪው።

ስትገቢ አማትበሽ «አባ ይባርኩኝ፤ ከተናዘዝኩ 12 ዓመት ሆኖኛል» በዪ። ቀጥሎ ምን እንደሚባል ከጠፋሽ ንገሪያቸው፤ እየጠየቁ ይመሩሻል። ከልብ የረሳሽው ከሌላው ጋር ይሰረያል፤ ትዝ ሲልሽ በሚቀጥለው ኑዛዜ ትናገሪዋለሽ። አንድ ከባድ ነገር ሆን ብለሽ ካስቀረሽ ግን የተናገርሽውም አይሰረይልሽም፣ ሁሉንም እንደገና መናዘዝ ይኖርብሻል።

እንባ ካልመጣ ንስሐ የለም የሚሉ አሉ፤ ስሕተት ነው። ጸጸት ማለት ኃጢአቱን መጥላትና ላለመድገም መወሰን ነው። የገሃነም ፍርሃት ብቻ ያመጣው ጸጸት እንኳ ለኑዛዜ ይበቃል። ውሳኔው ከሌለ፣ ነገ ልትመለሺበት ቆርጠሽ ከሆነ፣ የሥርየት ጸሎቱ ዋጋ የለውም።

የሰው ገንዘብ እጅሽ ላይ ካለ ሥርየቱ ዕዳውን አይሰርዝም። ለባለቤቱ መልሺ፤ ከሞተ ለወራሾቹ። ባለቤቱ ጨርሶ ካልታወቀ ለድኻ ይሰጣል፤ እንዴት እንደሆነ እዚያው ካህኑን ጠይቂ። በመጨረሻ የሚሰጡሽን ካሣ፣ ጸሎትም ይሁን ጾም፣ ቶሎ ፈጽሚው። መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነና ጾም ካዘዙሽ ከመነሣትሽ በፊት ተናገሪ፤ ይቀይሩልሻል።