ማረጥ ሲቃረብ ቀልብ ለሚበተንባችሁ ልጆቼ

«ዕድሜዬ ሲገፋ ይተወኛል ወይስ ይብስብኛል?» ብላ አንዲት የ27 ዓመት የሂሳብ ባለሙያ ጠየቀችኝ። ኤዲኤችዲ፣ ማለትም ከልጅነት የሚጀምር ትኩረት የሚበትን የአእምሮ ሁኔታ፣ እንዳለባት የተነገራት በቅርቡ ነው። ማረጥ ሲቃረብ ብዙዎቻችን ላይ ይብሳል፤ ሕክምናም አለው። ጥያቄዋ ግን አንድ ሰኔ አስታወሰኝና ሌሊቱን እንቅልፍ አጣሁ።

ሰኔ የእኔ ወር ነበር። ዓመቱን ሙሉ ጠረጴዛዬ ላይ ቫውቸር ተቆልሎ፣ የጀመርኩት ደብዳቤ በግማሽ ቀርቶ ይከርማል። ሂሳብ መዝጊያ ሲደርስ ግን የሚቀድመኝ የለም። ቢሮው ሲተራመስ እኔ እረጋለሁ። ጥድፊያው ራሱ ቀልቤን እንደሚሰበስብልኝ አላውቅም ነበር፤ ጎበዝ ነሽ ይሉኛል፣ እኔም አምናለሁ።

48 ዓመት በሞላኝ ጊዜ ሰኔ መጣ፣ ቀልቤ ግን አልመጣም። አንዲት የነዳጅ ደረሰኝ ይዤ ተቀመጥኩ። ቁጥሩን አነባለሁ፤ ወደ መዝገቡ ስዞር ይጠፋኛል። እንደገና አነባለሁ። በመሃል ከደረቴ ተነስቶ እስከ ጆሮዬ የሚያቃጥል ሙቀት መጣ። ነጠላዬን አውርጄ በዚያው ደረሰኝ ፊቴን አራገብኩ። ወረቀቱ በላቤ ረጥቦ ቁጥሩ ደበዘዘ። ፊት ለፊቴ የሚቀመጠው ልጅ አይቶኝ ኖሮ «እትዬ፣ እኔ ላንብብልዎት?» አለኝ። ደግነቱ አስለቀሰኝ።

እናቴ በመርሳት በሽታ ነው የሞተችው፤ ተራው የእኔ ነው ብዬ አመንኩ። በዚያው ወር የፋይናንስ ኃላፊነቱ ሲሰጠኝ «ጤና የለኝም» ብዬ መለስኩት። የሄድኩበት ሐኪም «ዕድሜ ነው፣ ጭንቀት ነው» ብሎ ሸኘኝ። የአእምሮ ሐኪም ደግሞ አልታሰበኝም፤ በእኛ ጊዜ «አማኑኤል ያስገባሽ» ስድብ ነበር። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ በሌለብኝ በሽታ ከሰው ስሰናበት የኖርኩባቸው ዓመታት ናቸው።

ነገሩ የተገለጠልኝ ሜሪላንድ ያለችውን ልጄን ልጠይቅ ስሄድ ነው። ለልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት የመጣውን የኤዲኤችዲ መጠይቅ በአማርኛ ስታነብልኝ፣ የተጠየቀው ሁሉ የእኔው ታሪክ ሆነብኝ። በዘር እንደሚወርድ የሰማሁት ያኔ ነው። አዲስ አበባ ስመለስ ያየችኝ ሐኪም ከሁሉ አስቀድማ ስለ ልጅነቴ ጠየቀችኝ፤ ምልክቱ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት ካልነበረ ኤዲኤችዲ አይባልምና። አብሮኝ የመጣው ታላቅ ወንድሜ፣ ደሴ ሳለን ጨው እንድገዛ ተልኬ ሠርገኛ ተከትዬ ሌላ ሰፈር መገኘቴን ነገራት። ሳንቲሙ እጄ ውስጥ እንደተጨበጠ ነበር። እናቴ «ቀልበ ቢስ» እያለች ገረፈችኝ። ነፍሷን ይማረውና፣ እሷም ጀበና ጥዳ ጎረቤት የምትቀር ሴት ነበረች።

ኢስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን፣ ለትኩረት የሚያስፈልገውን ዶፓሚን የተባለ የአንጎል ኬሚካል ሥራ ያግዛል። ከ40ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ሲዋዥቅና ሲቀንስ፣ ድሮውንም ትኩረት የሚቸግራት ሴት ያ ድጋፍ ይጎድልባታል። በልጅነቷም ያወቀላት የለም፤ የሚንቀዠቀዠው ወንድ ልጅ ሐኪም ዘንድ ይወሰዳል፣ በሐሳብ የምትነጉደው ሴት ልጅ ጨዋ ትባላለች።

ስለ እንቅልፍና ስለ ስፖርት አልጽፍም፤ ታውቁታላችሁ። የዘንድሮ ወጣቶች በአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ራሳችሁን መርምራችሁ ትጨርሳላችሁ፤ አልወደውም። እርግጥ እኔም ከሐኪሟ በፊት በመጠይቅ ነው ያወቅኩት። ለፈተናና ለሂሳብ መዝጊያ ጫት የምትቅሙትን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። በውስጡ ያለው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር፣ ለኤዲኤችዲም የሚታዘዘው አነቃቂ መድኃኒት የአምፌታሚን ዘመድ ስለሆነ ቀልብ የሰበሰበ ይመስላል። መጠኑን የሚወስን፣ የደም ግፊታችሁን የሚለካ ሐኪም ግን የለበትም።

ለአለቃሽ ንገሪ አልልሽም፤ ቢሮዎቻችን ገና ናቸው። ያ ልጅ ግን ቁጥሩን እያነበበልኝ ሂሳቡ በጊዜው ተዘግቷል፤ ባልነግረውም ገብቶት ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ካገኘሽ ንገሪው።

ከአሁኑ አንድ ደብተር ያዢ። የወር አበባሽ የመጣበትንና ቀልብሽ የተበተነበትን ቀን ጎን ለጎን ጻፊበት። ታይሮይድና ደም ማነስም እንዲታዩልሽ ጠይቂ፤ ሁለቱም ድካምና መዘንጋት ያመጣሉ። መድኃኒትሽ እንደ ድሮው አልሠራ ቢልሽ በራስሽ አትጨምሪ፣ አታቋርጪም፤ የማህፀን ሐኪምሽና የአእምሮ ሐኪምሽ አንዱ የሌላውን ማዘዣ ይየው። «ዕድሜ ነው» ብሎ የሚሸኝሽ ካለ፣ ደብተርሽን ይዘሽ ሌላ ሐኪም ዘንድ ሂጂ።