ለብስክሌት ኩሽኔታ ዘይት ወይስ ግሪስ?

ከባሕር ዳር የመጣ ጥያቄ ነው። «ጋሼ፣ የኋላ ጎማዬ ሲዞር ያጉረመርማል። ጓደኛዬ የሞተር ዘይት ጨምርበት ስላለኝ በየሳምንቱ ጠብ አደርግበታለሁ። ሁለት ቀን ዝም ይላል፣ ከዚያ ይብስበታል። ሌላው ደግሞ ግሪስ ነው የሚገባው ይለኛል። ማንን ልስማ?»

የግሪሱን ሰው ስማ። ግን ገና ነው። አንዴ ማጉረምረም የጀመረ ጎማ ከላይ ምን ቢጨምሩበት አይድንም፤ መፈታት አለበት።

ግሪስ፣ የድሮ ሰው ግራሶ የሚለው፣ እሱም ዘይት ነው። ዘይቱ በሳሙና ተይዞ ስለረጋ ካስቀመጡት ቦታ አይሄድም። በኩሽኔታው አፍ ላይ ተቀምጦም ውሃና አቧራ ይመልሳል። ዘይት ግን ይፈሳል። አንተ የምትጨምረው የት እንደሚሄድ ማወቅ ከፈለግህ ራጂዎቹን፣ ከጎማው መሃል ወደ ዙሪያው የተዘረጉትን ሽቦዎች፣ ከሥራቸው በጣትህ ጥረግ። ጥቁር ቅባት ካገኘህ የድሮው ግሪስህ ነው፤ ዘይቱ አቅጥኖ ይዞት ወጥቷል። ሁለት ቀን ዝም የሚለው ዘይቱ ውስጥ እስካለ ድረስ ነው። ከዚያ ብረት ለብረት ነው። ዘይቱ ወርዶ ፍሬኑ የሚይዘው ቸርኬ ላይ ከደረሰ ደግሞ ፍሬንህም አይይዝልህም።

ጓደኛህን ግን አትቆጣው። አንዳንድ የድሮ ብስክሌቶች ሞዞ ላይ፣ ማለትም ኩሽኔታውን በያዘው የጎማው እምብርት ላይ፣ በቀጭን የብረት ቀለበት የተሸፈነች ትንሽ ቀዳዳ አለች። እሷ ለዘይት ተብላ የተሠራች ናት። እንዲህ ያለ ሞዞ ካለህ በየጊዜው ጥቂት ጠብታ መስጠት ነው፤ መርሳት የለም። ማርሹ በሞዞው ውስጥ የሆነው የድሮው የእንግሊዝ ባለ 3 ማርሽ ስተርሜይ አርቸርም እንደዚሁ ዘይት ነው የሚፈልገው። ቀዳዳ ከሌለው ግን በግሪስ ላይ ዘይት አትጨምር።

አሁን ወደ ሥራው። ጎማውን አውልቅና ከሥሩ ጨርቅ አንጥፍ። ካቴናው የሚዞርበት ጥርስ ያለበትን ጎን አትንካ፣ በሌላው ጎን ፍታ። መጀመሪያ ቆላፊው ዳዶ፣ ቀጥሎ ብዮቹን የሚጫነው ሾጣጣ ዳዶ ይወጣል። ዘንጉን በጥርሱ በኩል ቀስ ብለህ ስበው፤ ብዮቹ፣ ትንንሾቹ የብረት ኳሶች፣ ይበተናሉ። የኋላ ሞዞ በአብዛኛው በየጎኑ 9 ብይ አለው፣ እያንዳንዷ 6.35 ሚሊ ሜትር። ፊት ላይ አነስ ያሉ 10 ናቸው። ቆጥረህ አስቀምጥ።

ሁሉንም በናፍጣ እጠብና በደንብ አድርቅ። ከዚያ ሾጣጣውን ዳዶ ወደ ብርሃን ያዘው። ብዮቹ የሄዱበት መንገድ እንደ ቀለበት ያበራል። በጥፍርህ ዳብሰው። ጥፍርህ ከተያዘ ተበልቷል፣ ማጉረምረሙም ከዚያ ነው፤ ለውጠው። የሞዞው ውስጥ ራሱ ከተበላ ግን ብዙ ጊዜ ሞዞውን መቀየር ነው። ብዮቹን አትመርምር። ርካሽ ናቸው፣ ሁሉንም በአዲስ ተካ።

ግሪሱ የመኪና ጎማ ኩሽኔታ ግሪስ ቢሆን ይበቃል። በሞዞው ጉድጓድ ዙሪያውን ቀባና ብዮቹን አንድ በአንድ ተጫናቸው፣ ግሪሱ ይይዝልሃል። ዘጠኙን ስትጨርስ ለአንድ የሚሆን ክፍተት ያለ ይመስልሃል። አሥረኛዋን እንዳታስገባ! ከገባች ይፋተጋሉ።

የሚያስቸግረው ማጥበቁ ነው። ሾጣጣውን በጣት ብቻ እስኪነካ አዙር፣ ከዚያ በቀጭን ቁልፍ ያዘውና በሌላ ቁልፍ ቆላፊውን አጥብቅበት። ስትቆልፍ ሾጣጣው ስለሚጠብቅ አንድ ጊዜ አይሳካም፤ እኔም ዛሬ ድረስ ሁለት ሦስቴ እመለስበታለሁ። ጎማውን ግጠምና ቸርኬውን ይዘህ ወደ ጎን ነቅንቅ። ኳ ኳ ካለ ላልቷል። ጎማውን ገና ሳትገጥም ዘንጉን በጣት ስታዞረው የሚጎረብጥህ ከሆነ ጠብቋል።

ዘይትህን ለካቴናውና ከኋላ ጥርሱ ውስጥ ቲክ ቲክ ለሚለው ክፍል አስቀምጠው። እዚያ ግሪስ አይገባም። ሙያ ስለምድ ደግ የሠራሁ መስሎኝ አንዱን በግሪስ ሞልቼው ነበር። ባለቤቱ ፔዳሉን ቢረግጥ ቢረግጥ ጎማው ወዴት! ውስጥ ያሉት፣ ጥርሱን ከጎማው ጋር የሚያያይዙት ምላሶች ተጣብቀው ቀርተዋል። የምግብ ዘይትም አይሆንም፣ እየደረቀ እንደ ሙጫ ይይዛል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ደግሞ ጥላሸትና የብረት ብናኝ አለበት።

በዓመት አንዴ፣ ክረምቱ ሲወጣ መስከረም ላይ ክፈተው። ውሃ ሞዞው ድረስ የደረሰበት ቀን ካለ ግን መስከረምን አትጠብቅ።

ስትፈታ ብይ ሳይበተን በጎማ የተሸፈነ ድፍን ኩሽኔታ ካገኘህ እዚያው አቁም። እሱ በአዲስ ይቀየራል እንጂ ግሪስ አይሞላም። ጎኑ ላይ እንደ 6001 ያለ ቁጥር ተጽፎበታል። ኩሽኔታ ሻጭ ዘንድ ይዘኸው ሂድና ያንኑ ቁጥር በለው።