ማኒፎልዱ ሲተነፍስ፦ የናፍጣ ፒክአፕ ጥያቄና መልስ

የጭስ ማኒፎልድ ይተነፍሳል የሚል ጥያቄ እየተደጋገመ ስለመጣ ዛሬ በአንድ ላይ እንየው። ማኒፎልድ ከሲሊንደሮቹ የሚወጣውን ጭስ ሰብስቦ የሚያሳልፈው የብረት ቱቦ ነው፤ ይተነፍሳል ማለት ጭሱ በክፍተት ያመልጣል ማለት ነው። የማወራው ቱርቦ (በጭሱ እየዞረ ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋ መሣሪያ) ስላለው የናፍጣ ሞተር ነው። ስትጠይቁ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ነው ወይስ ሞቆ፣ ቆሞ ነው ወይስ ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ፣ እሱን ጻፉልኝ። ሌላው፣ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር አስነስታችሁ አትፈትሹ። ይህን ደጋግሜ እላለሁ።

ቀይ ፒክአፕ፦ ጋሼ፣ ጠዋት ሳስነሳው ጠክ ጠክ ይላል። ትንሽ ከሄድኩ በኋላ ድምፁ ይጠፋል። ተስተካክሏል ማለት ነው?

መልስ፦ አልተስተካከለም። ብረቱ ሲሞቅ ስለሚለጠጥ ክፍተቱን ለጊዜው ደፍኖት ነው። እስቲ በቁጥር እንየው። ማኒፎልዱ የሚሠራበት ካስት አይረን ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር በአንድ ሜትር ርዝመት ላይ 11 ማይክሮሜትር ያህል ይረዝማል። ግማሽ ሜትር የሚሆን ማኒፎልድ በ500 ዲግሪ ቢሞቅ ከ2.5 ሚሊ ሜትር በላይ ረዘመ ማለት ነው። የታሰረበት ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ግን ውሃ ስለሚያቀዘቅዘው ያን ያህል አይሞቅም፣ ያን ያህልም አይረዝምም። አንዱ ሲሄድ ሌላው ይቀራል። መሀል ያሉት ቡሎኖች ብዙም አይጎዱም። ጉተታው ሁሉ የሚያርፈው ዳርና ዳር ባሉት ላይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ተበጥሶ የምታገኘውም የመጀመሪያው ወይም የመጨረሻው ሲሊንደር ላይ ያለውን ነው።

ደግሞ ብዙ ጊዜ የሞቀና የቀዘቀዘ ማኒፎልድ ወደ መጀመሪያ መጠኑ ላይመለስ ይችላል። ቀስ በቀስ ያጥራል። በረጅሞቹ ባለ 6 ሲሊንደር ሞተሮች ላይ ይህ ጎልቶ ይታያል። የ5.9 ሊትሩ ካሚንስ በዚህ የታወቀ ነው። ለዚያ ሞተር በሁለትና በሦስት ቁራጭ ተከፍሎ አንዱ በሌላው ውስጥ የሚንሸራተት ማኒፎልድ የሚሸጠውም ለዚህ ነው።

ስለዚህ ነገ ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ በመብራትና በትንሽ መስታወት ዳር ያሉትን ቡሎኖች እይ። ራሱ የጠፋ ወይም ዙሪያውን ደረቅ ጥቁር ጥላሸት የለበሰ ካለ አገኘኸው።

ናፍጣ ወዳጅ፦ የኔ መኪና ድምፅ አለው። ምን ሊሆን ይችላል?

መልስ፦ የምን ድምፅ? መቼ? መግቢያው ላይ የጻፍኩትን አንብብና ተመለስ።

የሌሊት ሹፌር፦ ጠክ ጠክ የሚለው ባልቦላ (የአየርና የጭስ በር ከፋቹ) ወይም ኢንጀክተር (ናፍጣ የሚረጨው) ቢሆንስ? በምን ልለየው?

መልስ፦ ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው። ብዙ ሰው ማኒፎልድ የሚፈታው ሳይለይ ነው።

ያልተስተካከለ ባልቦላ ድምፁ ከላይ፣ ከቴስታታው ክዳን ሥር ይመጣል። ብረት ብረትን የሚመታ ዓይነት ነው። ጭነት ሲበዛ ብዙም አይለወጥም። የማኒፎልድ ግን የአየር ምት ነው። ነዳጅ ስትሰጠው ይጎላል። የኢንጀክተር መቀመጫ ካስተነፈሰ ደግሞ ኢንጀክተሩ ሥር የደረቀ ሬንጅ የመሰለ ጥቁር ነገር ተጋግሮ ታገኛለህ። እሱ የመዳብ ሮንዴላው ጉዳይ ነው፤ ማኒፎልድ ብትቀይር አይለቅህም።

ቦታውን ለማግኘት አንድ ሜትር የሚሆን የጎማ ቱቦ ውሰድ። አንዱን ጫፍ ጆሮህ ላይ አድርግ፣ ሌላውን በማኒፎልዱ ጠርዝ ላይ ሳታስነካ አዙረው። የሚተነፍሰው ቦታ ላይ ስትደርስ ድምፁ ጎልቶ ይሰማሃል። እጅህን ከቬንትሌተርና ከቺንጋ አርቅ። ቦታው ደግሞ ክፍት አየር ላይ ይሁን።

ሌላው የሚያሳስተው ከቱርቦ ወደ ሞተር የሚሄደው የንጹሕ አየር ቱቦ ነው። እሱ ሲቀደድም ያፏጫል፣ ጉልበትም ይቀንሳል። ልዩነቱ፣ የአየር ቱቦ ያለበት ቦታ ዘይት ነካ ያደርገዋል፣ እርጥብ ነው። ማኒፎልድ የሚተወው ደረቅ ጥላሸት ነው።

እናት ሹፌር፦ ዳገት ላይ ጉልበት አጣ፣ ጥቁር ጭስም ይለቃል። ሲጫን ይፏጫል። ማኒፎልዱ ይሆን?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል እህቴ። ቱርቦን የሚያዞረው ያ ጭስ ነው። ጭሱ ቱርቦው ጋ ሳይደርስ በቀዳዳ ከወጣ ቱርቦው በቂ አየር አይገፋም። ናፍጣው ያው ነው፣ አየሩ ግን አነሰ። ያልተቃጠለው ጥቁር ሆኖ ይወጣል፣ የጭሱም ሙቀት ይጨምራል። ግን መጀመሪያ የአየር ቱቦዎቹንና የአየር ማጣሪያውን እዪ። እነሱ ለማየት ይቀላሉ።

ባለ ሁለት ጋቢና፦ ይህ ሁሉ ሥራ ለምን? እኔ ቀዩን የሲሊኮን ማጣበቂያ ቀብቼ አሰርኩት፣ እስካሁን ምንም አላለም።

መልስ፦ ሲሊኮን ማኒፎልድ ላይ አይቀባም። ሙቀት ይችላል የሚባለው ቀዩ እንኳ 300 ዲግሪን ብዙም አያልፍም። ጭነት ይዞ ዳገት የሚወጣ የናፍጣ ሞተር ጭስ ደግሞ ከ600 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ሲሊኮኑ አርሮ ይላቀቃል። የተላቀቀው ቀጥታ ወደ ቱርቦው ነው የሚሄደው።

የድሮ ሹፌር፦ ልጁን አትቆጣው። መንገድ ላይ ስትቀር በእጅህ ያለውን ነው የምትጠቀመው።

ባለ ሁለት ጋቢና፦ እግዜር ይስጥልኝ አባባ።

ቀይ ፒክአፕ፦ መንገድ ላይ ከሆነ ጭነት ቀንሶ ቀስ ብሎ መግባት ይሻላል እንጂ!

የድሮ ሹፌር፦ ቱርቦ የሌላቸው የድሮ ሞተሮች ይህ ሁሉ ጣጣ አልነበረባቸውም።

ናፍጣ ወዳጅ፦ ቱርቦ ከሌለ ያን ሁሉ ጭነት በምን ይጎትቱታል?

መልስ፦ የቱርቦውን ክርክር ለሌላ ቀን እናቆየው። አባባ፣ እርስዎ ያሉት ይገባኛል። ለጭስ መስመር ተብሎ የተሠራ ማጣበቂያ አለ። እሱም ቤት እስኪገቡ ነው እንጂ ጥገና አይደለም። ሲሊኮን ግን አይቀባም።

የሌሊት ሹፌር፦ ቡሎኑ ተበጥሶ ቀሪው ቴስታታው ውስጥ ቀረ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አትቸኩል። ብዙ ቴስታታ የሚበላሸው ቡሎኑ ሲበጠስ ሳይሆን ሰው ሊያወጣው ሲታገል ነው። የዛገ የሚያላቅቀውን ዘይት ነስንስበትና አሳድረው። በነጋታው ድገመው። ጫፉ ወጣ ያለ ከሆነ አዲስ ዳዶ አጥልቀህ በመሀል ቀዳዳው ከቡሎኑ ጋር በየደው። የብየዳው ሙቀት ራሱ ዝገቱን ይሰብረዋል። ቀላ ያለው ሲመለስ በመፍቻ ወዲያና ወዲህ እያልክ በትንሽ በትንሹ አውጣው። በአንድ አቅጣጫ ብቻ አትጎትት። ከመበየድህ በፊት የባትሪውን ገመዶች ንቀል።

ከቴስታታው ጋር እኩል ከተበጠሰ ግን ልክ መሀሉን በፑንቶ (ምልክት ማድረጊያ ሹል ብረት) መትተህ፣ ከቀጭን ጀምረህ በትራፓኖ መብሳት ነው። ቴስታታው አሉሚኒየም ከሆነ መብሻው ከጠንካራው ቡሎን ወደ ለስላሳው ቴስታታ ይሸሻል። ያኔ ጥርሱ አለቀ። በተበሳው ቡሎን ውስጥ የሚገባውን ግራ ጥርስ ማውጫ በጉልበት አትጠምዝዝ። እሱ ውስጥ ከተሰበረ ተራ መብሻ አይበሳውም። እጅህን ካላመንክ ለማሽን ቤት ስጠው። ይህ ለማንም ነውር አይደለም።

ይህን ሥራ ከመጀመርህ በፊት የቴስታታውን የጭስ በሮችና የቱርቦውን አፍ በንጹሕ ጨርቅ ድፈን። ቱርቦው በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ይዞራል። አንዲት የብረት ፍቅፋቂ ትበቃዋለች። ስትገጥም ጨርቁን ማውጣት እንዳትረሳ።

ናፍጣ ወዳጅ፦ እሺ፣ ጠዋት ጠክ ጠክ ይላል፣ ሲሞቅ ይጠፋል። ድኗል?

መልስ፦ የመጀመሪያው ጥያቄ ራሱ ይህ ነው! ሙሉ መልስ ተሰጥቶበታል። እባካችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ከላይ ጀምራችሁ አንብቡ።

ቀይ ፒክአፕ፦ አየሁት ጋሼ፣ የመጨረሻው ቡሎን ራሱ የለም። አዲስ ቡሎንና ጓርኒሲዮን (በማኒፎልዱና በቴስታታው መሀል የሚገባውን መድፈኛ) ገዝቼ ልግጠም?

መልስ፦ ቆይ። ቡሎኑን የበጠሰው ምክንያት አሁንም እዚያው ነው። ማኒፎልዱን አውርደህ ፊቱን አጽዳ። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በርዝመቱ አስቀምጥበትና ሥሩን በፊለር ጌጅ (ክፍተት በሚለኩ ስስ የብረት ቅጠሎች) ለካ። ከሞተርህ ማኑዋል ልክ በላይ ክፍተት ካለ ማኒፎልዱ ጠምሟል። በማሽን ይላጥ፣ ወይም ይቀየር። በጠማማ ማኒፎልድ ላይ አዲስ ጓርኒሲዮን መግጠም ድካሙን መድገም ነው።

የድሮውን ጓርኒሲዮን አትመልሰው። ቡሎኖቹንና ዳዶዎቹን የተበጠሰውን ብቻ ሳይሆን ሁሉንም ቀይር። ከጎኑ ያለውም ያንኑ ያህል ተጎትቷል። ስታስር ከመሀል ጀምረህ ወደ ዳር፣ በሁለት ሦስት ዙር፣ በቶርክ መፍቻ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው) እሰር። ልኩ ከሞተር ሞተር ስለሚለያይ ከማኑዋሉ ውሰድ። ይበልጥ ባጠብቀው ይሻላል የምትሉ አላችሁ። አይሻልም። ማኒፎልዱ ሲሞቅ የሚንቀሳቀስበት ቦታ ያጣና እንደገና ይበጥሰዋል።

ባለ ሁለት ጋቢና፦ የተሰነጠቀ ማኒፎልድ ይበየዳል?

መልስ፦ በኒኬል ዘንግ፣ ቀድሞ አሙቆ፣ ቀስ ብሎ በማቀዝቀዝ ይበየዳል። ብዙ ጊዜ ከጎኑ እንደገና ይሰነጠቃል። ቀይረው።

እናት ሹፌር፦ ጋቢና ውስጥ የጭስ ሽታ ይገባል። ከኋላ ልጆች አሉ።

መልስ፦ አሁኑኑ አቁሚው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የናፍጣ ጭስን በ2012 እ.ኤ.አ. ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። ካርቦን ሞኖክሳይዱም አለ፣ እሱ ሽታ የለውም። መስኮት ከፍቶ መንዳት መፍትሔ አይደለም። ተጠግኖ ሽታው እስኪጠፋ ልጆቹን አትጫኚበት።

የድሮ ሹፌር፦ ለናፍጣ ሞተር የትኛው ዘይት ይሻላል?

መልስ፦ አባባ፣ የዛሬው ርዕስ እሱ አይደለም።

የሌሊት ሹፌር፦ ገጥሜ ጨረስኩ! ግን ሳስነሳው ማኒፎልዱ ራሱ ያጨሳል።

መልስ፦ የነሰነስከው ዘይት እየተቃጠለ ነው። ውጭ አቁመህ ትንሽ ይሥራ፣ ይጠፋል። ነገ ጠዋት ቀዝቃዛውን አስነሳና በቱቦው አዳምጥ። ጥላሸት ካየህ ፎቶ ላክልኝ።