«አባቱም እንዲሁ ነበር»

ጥያቄ፦ የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። የ8 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። አንድ ቦታ አይቀመጥም። የጀመረውን አይጨርስም። ደብተር በየሳምንቱ ይጥላል። ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ እንዲህ ነው፤ አሁን መምህርቱም «አስመርምሪው» አለችኝ። ጠዋት ከቤት የምንወጣው በጩኸት ነው። ሲኒ ስለሚሰብርብኝ ጎረቤት ቡና ሲጠሩኝም መሄድ ትቻለሁ። ሱቄን ሦስት ቀን ከፍቼ አራት ቀን እዘጋለሁ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ እነቃና በሐሳብ ይነጋል። ባለቤቴ ከሥራ ሲወጣ በርጫ ነው፤ የመብራት ሂሳብ መክፈል እንኳ ይረሳል። አማቴ «አባቱም እንዲሁ ነበር፣ ዱላ ነው ያስተካከለው» ይላሉ። እኔ ነኝ ያበላሸሁት?

መልስ፦ እህቴ፣ አላበላሸሽውም። መጀመሪያ ይሄን ያዢልኝ።

ልጅሽን ሳላየው እንዲህ ነው ብዬ መናገር አልችልም። የጻፍሽው ግን ኤዲኤችዲ የሚባለውን፣ የትኩረት ማነስና ከመጠን ያለፈ መቅበጥበጥ ችግር ይመስላል። ከአንጎል እድገት ጋር የተያያዘ ነው። ከአስተዳደግ ጉድለት አይመጣም፤ ከረሜላና ስኳርም አያመጡትም። በመንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት በዚህ ባሕርይ ሰው ከሰው የሚለያየው ከ70 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው በዘር ምክንያት ነው።

ስለዚህ አማትሽ ሳያውቁት ትልቅ ነገር ነግረውሻል። «አባቱም እንዲሁ ነበር» ያሉት እውነት ሊሆን ይችላል። ዱላው ባለቤትሽን ዝም አሰኝቶት ይሆናል። መርሳቱን ግን አላስተወውም፤ አንቺው ጽፈሽዋል። ልጁም ሲገረፍ ፍርሃት ይማራል እንጂ ደብተሩን መያዝ አይማርም።

እኔን ያስጨነቀኝ የሌሊት 8 ሰዓቱ ነው። አሁን የምታስቢው ለሦስት ሰው ነው። የልጁ ደብተር፣ የባለቤትሽ ሂሳብ፣ የሱቁ ዕቃ፣ ሁሉም አንቺ ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለው። እንዲህ ያሉ ልጆችን የሚያሳድጉ ወላጆች ከሌላው ወላጅ ይበልጥ እንደሚደክሙና እንደሚጨነቁ በጥናትም የታወቀ ነው። ድካምሽ ከስንፍና አይደለም። ግን እንቅልፍ ያጣች እናት ትዕግሥት ከየት ታመጣለች? ለዚህ ነው ካንቺ መጀመር ያለብን።

ከጭንቅላትሽ አውጥተሽ ግድግዳ ላይ ለጥፊው። ልብስ፣ ጫማ፣ ቦርሳ፣ ውኃ። አራቱን ሥዕል አድርጋችሁ በሩ አጠገብ ስቀሉት፤ ሥዕሉን እሱ ራሱ ይሣል። ቦርሳውን ማታ አብራችሁ አዘጋጁና እዚያው በሩ ሥር ይደር። ጠዋት «ቶሎ በል፣ ጫማህን አድርግ፣ ደብተርህን ያዝ» ብለሽ በአንድ ትንፋሽ ስታዥጎደጉጂው ከሦስቱ አንዱን እንኳ ላይይዘው ይችላል። ቀረብ በይ፣ ትከሻውን ነካ አድርጊ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገሪው። ሲያደርገው እዚያው አመስግኚው። ማታ ይደረግልሃል የሚሉት ሽልማት ለሱ ሩቅ ነው።

የቤት ሥራውን ደግሞ በምሳ ሰዓት አታሠሪው። ድሬ ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት ምን እንደምትመስል ታውቂያለሽ። ትልቅ ሰው እንኳ ጥላ ፈልጎ ጋደም ይላል። እሱ በዚያ ሙቀት ቁጭ በል ሲባል አንቺ ትጮሂያለሽ፣ እሱ ያለቅሳል፣ ከሰዓቱ እንዳለ ይበላሻል። ሲበርድ ይውጣ፣ ይሩጥ፣ ኳሱን ይጫወት። ከዚያ ስልክሽ ላይ 10 ደቂቃ ሙይለትና ይሥራ። ተነሥቶ ውኃ ይጠጣና ሌላ 10 ደቂቃ። አልሞላ ካለ ተዪው፤ የቀረውን ጠዋት በ12 ሰዓት፣ አየሩ ቀዝቀዝ እንዳለ ይጨርሰዋል።

ቡናውን ተመለሺበት። እባክሽ። ልጁን ይዘሽ መሄድ የለብሽም። በሳምንት አንድ ቀን ማታ ልጁ ከአባቱ ጋር ይሁን፤ አንቺ ጎረቤትሽ ቤት ቁጭ ብለሽ ቡናሽን ጠጪ። ስለ ልጁም አትደብቂ። ከጎረቤቶችሽ መካከል እንዲህ ያለ ልጅ ያላት እናት ልትኖር ትችላለች።

ባለቤትሽን በተመለከተ፣ በርጫውን ተው ብለሽ ጠብ አትጀምሪ። ከልጁ ጋር የሚሆንበት አንድ ሰዓት ብቻ ጠይቂው። ሰዓቱ የታወቀ ይሁን፣ ስልኩ ላይም ማስታወሻ ይሞላ። «ረሳሁ» ሲልሽ እንደ ንቀት ትቆጥሪው ይሆናል። እሱም በልጅነቱ ያልታወቀለት ያው ችግር ኖሮበት እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። ይህ ከኃላፊነት አያወጣውም። ከልጁ ጋር ሲሆን ግን ካንቺም ከእኔም በተሻለ ሊረዳው ይችላል።

ምርመራውን አታዘግዪ። መጀመሪያ ጆሮውና ዓይኑ ይታይ፤ በደንብ የማይሰማ ልጅም ትኩረት የሌለው ይመስላል። ቀጥሎ ድል ጮራ ሆስፒታል ወይም ሐረር ሕይወት ፋና ሄደሽ የአእምሮ ጤና ክፍሉን ጠይቂ። ባለሙያው ምልክቱ ከ12 ዓመት በፊት መጀመሩን፣ ቢያንስ 6 ወር መቆየቱን፣ ቤትም ትምህርት ቤትም መታየቱን ያጣራል። ስለዚህ ከመምህርቱ አጭር ጽሑፍ ይዘሽ ሂጂ። መድኃኒት ካነሡልሽ አትደንግጪ፣ ጥቅሙንና ጉዳቱን ጠይቂ። ስለ እንቅልፍሽም ንገሪያቸው።

ከመሄድሽ በፊት አማትሽን ቡና አፍልተሽ አጫውቻቸው። ባለቤትሽ በ8 ዓመቱ ምን ይመስል እንደነበር፣ ትምህርት ቤት ምን ይሉት እንደነበር ጠይቂያቸው። የሚነግሩሽን ጻፊው። የቀጠሮው ቀን ደግሞ እሱም አብሯችሁ ይግባ።