ከበር ሲወጣ የሚጎትት ውሻ

ጥያቄ፦ የ2 ዓመት ውሻዬን ለራሊ ኦቢዲየንስ ውድድር (ውሻና ባለቤቱ አብረው እየሄዱ በየምልክቱ ላይ የተጻፈውን ትእዛዝ የሚፈጽሙበት) እያለማመድኩት ነው። ግቢ ውስጥ ከግራ እግሬ ሥር አይለይም፤ ከበር ስንወጣ ግን ገመዱን ይጎትታል። ምን ላድርግ? (ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ)

መልስ፦ ውሻዎ ትእዛዙን የለመደው ከግቢው ጋር አያይዞ ስለሆነ ውጭው አዲስ ትምህርት ይሆንበታል። ከበሩ ደፍ ይጀምሩ፤ 3 እርምጃ ሄደው ያጉርሱት። የተቀቀለ ጉበት ሽምብራ አሳክለው ይክተፉና በግራ እጅዎ፣ ከሱሪዎ ስፌት አጠገብ ይስጡት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ በቀኝ እጅ ሲጎርስ ወደ ፊትዎ ይዞርና ጠምዘዝ ብሎ መቀመጥ ይለምዳል። ገመዱ ሲወጠር ቀጥ ብለው ይቁሙ፤ ሲላላ ይቀጥሉ። መልሰው ከጎተቱት እሱም ይብስበታል። በቀን 2 ጊዜ፣ 5 ደቂቃ ይበቃል።

ሜዳ ቦታ ይፈልጉ፤ የደሴ ዳገት ላይ ቀጥ ብሎ መቀመጥ ለሰውም አይመች! ባጃጅ የሚበዛበትን መንገድ ለመጨረሻ ያቆዩት።

በአሜሪካ ኬኔል ክለብ ደንብ ጀማሪው በገመድ ሆኖ ከ10 እስከ 15 ምልክቶችን ያልፋል፤ ከ100 ነጥብ ማለፊያው 70 ነው። ማናገርና ማበረታታት ይፈቀዳል፤ የተወጠረ ገመድ ግን ነጥብ ያስቀንሳል። ምግብም ወደ ውድድሩ ሜዳ አይገባም፤ ስለዚህ ጉርሻውን ከ3 እርምጃ ወደ 10፣ ቀጥሎም ወደ ልምምዱ ማብቂያ ያርቁት።