እናቴ ዳግም እንዳይወድቁ ቤቱን እንዴት ላስተካክል?

ጥያቄ፦ እናቴ 76 ዓመታቸው ሲሆን፣ አዲስ አበባ ጀሞ በሚገኝ ኮንዶሚኒየም ሁለተኛ ፎቅ ላይ ከእኛ ጋር ይኖራሉ። በቅርቡ ሌሊት ወደ ሽንት ቤት ሲሄዱ ወድቀው የእጃቸው አንጓ ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ ፈርተን ሰው ሳይኖር እንዳይነሡ ከልክለናቸዋል፤ እሳቸው ግን በዚህ በጣም አዝነዋል። ቤቱ ጠባብ ነው፤ አቅማችንም ውስን ነው። ከምን እንጀምር?

መልስ፦ ለእናትዎ ምሕረቱን ይላክላቸው። ክልከላው ከፍቅር የመነጨ መሆኑ ግልጽ ነው፤ ሆኖም አስቀድሞ ሊነሣ የሚገባው እሱ ነው። አረጋዊ ሰው ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ሲውል የእግሩ ጡንቻ ይሟሽሻል፣ ሚዛኑን የመጠበቅ ችሎታውም ይደክማል፤ ስለዚህ የግድ በሚነሣበት ሰዓት ለመውደቅ ከቀድሞው ይበልጥ የተጋለጠ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት በመውደቅ ሳቢያ በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰዎች እንደሚሞቱ፣ ከእነዚህም ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች እንደሚገኙ ይገምታል። ፍርሃታችሁ ያለ ምክንያት አይደለም፤ መስተካከል ያለበት ግን የእናትዎ እንቅስቃሴ ሳይሆን የሚንቀሳቀሱበት ቤት ነው።

እናትዎ የወደቁት ሌሊት ወደ ሽንት ቤት ሲሄዱ ስለሆነ፣ ከአልጋቸው እስከ ሽንት ቤቱ ያለውን መንገድ መብራት አጥፍታችሁ ከእሳቸው ጋር ሂዱበት። ጠርዙ የተጣጠፈ ምንጣፍ፣ ወለል ላይ የተዘረጋ የኤሌክትሪክ ገመድ፣ መተላለፊያ ላይ የተቀመጠ የውኃ ጀሪካን፣ ከወለሉ ከፍ ያለ የበር ደፍ፣ ሁሉም ያን ጊዜ ይታወቃሉ። መብራት በሚጠፋበት ቤት የግድግዳ መብራት ብቻውን አያስተማምንም፤ ቻርጅ የሚደረግ መብራት ከትራሳቸው አጠገብ፣ እጃቸው በቀላሉ በሚደርስበት ቦታ ይቀመጥ። አልጋቸው ጫፍ ላይ ሲቀመጡ እግራቸው ወለሉን ሙሉ በሙሉ መርገጥ አለበት። ከእንቅልፋቸው ሲነቁም ወዲያው ከመቆም ይልቅ ጥቂት ተቀምጠው ቢነሡ፣ በድንገት ሲቆሙ የደም ግፊት በመውረዱ የሚመጣውን ማዞር ይቀንስላቸዋል።

ገንዘባችሁ ውስን ከሆነ አብዛኛውን መታጠቢያ ቤቱ ላይ አውሉት። በኮንዶሚኒየም ቤቶች ገላ መታጠቢያውና ሽንት ቤቱ ብዙውን ጊዜ በአንድ ክፍል ውስጥ ስለሆኑ፣ አንድ ሰው ከታጠበ በኋላ ሴራሚኩ ለረጅም ሰዓት እርጥብ ሆኖ ይቆያል። በዚያ ላይ የሚንሸራተት ሰው እጁ የሚገባለትን ይይዛል፤ የሚያገኘውም አብዛኛውን ጊዜ የፎጣ ማንጠልጠያ ወይም የእጅ መታጠቢያውን ነው፤ ሁለቱም የሰው ክብደት እንዲሸከሙ የተሠሩ አይደሉም። ከመቀመጫው አጠገብና ከሻወሩ ሥር፣ ከወለሉ ከ84 እስከ 91 ሴንቲሜትር ከፍታ ላይ የብረት መደገፊያ ይተከል። መደገፊያውን ብየዳ ቤት ከቧንቧ ብረት ሊሠራላችሁ ይችላል። ዋናው ጥንቃቄ አተካከሉ ላይ ነው፤ ግድግዳው ውስጡ ክፍት የሆነ ብሎኬት ከሆነ ተራ ፊሸር ክብደት ሲያርፍበት ተነቅሎ ስለሚወጣ፣ ሠራተኛው ግድግዳውን ከወዲያ ወዲህ በስቶ በረጅም ብሎን እንዲያሳልፍና ከበስተ ጀርባ ሰፊ ላሜራ አድርጎ በዳዶ እንዲያስር ጠይቁት። ሥራው ሲያልቅ ጎልማሳ ሰው በሙሉ ክብደቱ ይንጠልጠልበት፤ ቅንጣት ከተነቃነቀ አትቀበሉት። ለመታጠብ እግሩ የማይንሸራተት ጠንካራ ወንበር ቢጨመር መልካም ነው።

እናትዎ ሳሎን ውስጥ ቡና የሚያፈሉት በርጩማ ላይ ተቀምጠው ከሆነ፣ ከዝቅተኛ መቀመጫ መነሣት ለጉልበታቸው ከባድ ነውና ረከቦቱን ከፍ አድርጋችሁ መደገፊያ ባለው ወንበር እንዲቀመጡ አመቻቹላቸው፤ ቡና ማፍላቱን ግን አትከልክሏቸው። ሴራሚክ ላይ የተጎዘጎዘ ቄጠማ እጅግ ያንሸራትታል፤ በዓል ሲሆን እሳቸው በማይመላለሱበት ጥግ ይጎዝጎዝ። ተረከዙ ክፍት የሆነ ነጠላ ጫማም ተረከዙ ዝግ በሆነና ሶሉ በማያንሸራትት ጫማ ይተካ።

የጋራ ደረጃውን ብቻችሁን ልትቀይሩት አትችሉም፤ ሆኖም የእያንዳንዱ ደረጃ ጠርዝ ከወለሉ በተለየ ደማቅ ቀለም እንዲቀባና የተበላሸ መደገፊያ እንዲጠገን ለነዋሪዎች ማኅበር ማቅረብ ይቻላል።

በመጨረሻም፣ ከቁመት ከፍታ ብቻ ወድቆ አጥንት መሰበር የአጥንት መሳሳት ምልክት ሊሆን ይችላልና እጃቸውን ለሚከታተለው ሐኪም ይህን ጉዳይ አንሡለት፤ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ይዛችሁ ሂዱ፤ አንዳንድ የደም ግፊትና የእንቅልፍ መድኃኒቶች ማዞርን ስለሚያስከትሉ መጠናቸውን ወይም የሚወሰዱበትን ሰዓት ሐኪሙ ሊያስተካክል ይችላል።